ለሰሃኑ ልክ የሆነ ዓሣ

አክስቴ አዳማ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ዓሣ ቤት አላት። እኔ ዓሣ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ «አንቺማ ታድለሽ፣ ጠዋት ማታ ዓሣ!» ስለሚለኝ ነው። አልታደልኩም። አጥንቱን ስለቅም ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ትዕግሥት ደግሞ ሲጀመርም የለኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ሲቀር ቤት ውስጥ ብዙም አልቆየሁም። እናቴ «ይቺ ልጅ ሳሎኑን በመመላለስ ልትጨርሰው ነው» ብላ ለታላቅ እህቷ አስረከበችኝ። አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ተቀምጠሽ እንደማትሠሪ አውቃለሁ። እንግዲያው ሂጂና ዓሣ አምጪ» አለችኝ።

በዚህ ዓይነት ሥራዬ መንገድ ሆነ። ጎህ ሲቀድ የበረዶ ሳጥኔን ይዤ ሚኒባስ ላይ እወጣለሁ። ሞጆ፣ ቆቃ፣ አለም ጤና፣ መቂ፣ ከዚያ ባቱ። ስሄድ ሳጥኑ ባዶ ስለሆነ ሁሉም ይወደኛል። ጉዱ ያለው ስመለስ ነው።

«እህት፣ ይቺን ሬሳሽን ጣሪያ ላይ እንስቀልልሽ?» ይለኛል ረዳቱ።

«አንተ ጣሪያ ላይ ውጣና እሷ አንተ ቦታ ትቀመጥ። እሷ እንኳ በረዶ ላይ ናት፣ አትሸትም።»

ተሳፋሪው ይስቃል፣ ረዳቱም ይስቃል፣ ሳጥኑም እግሬ ሥር ይቀመጣል። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት አንገታቸውን አስግገው የማይቀረውን ጥያቄ ይጠይቃሉ። «ልጄ፣ ቆሮሶ ነው አምባዛ?»

በዚህ አገር ዓሣ የያዘ ሰው ይህን ሳይጠየቅ ቤቱ አይገባም። አምባዛ ጢም አለው፣ ቅርፊት ግን የለውም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ደግሞ በመጽሐፉ ስለተከለከለ ብዙ ሰው በእጁም አይነካው። ቆሮሶ ቅርፊታም ነው፣ ሁሉም ይበላዋል። ችግሩ ሁለቱም ተቆራርጠው ዘይት ውስጥ ከገቡ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለይ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የአክስቴ ደንበኛ ዓሣው ከነጭንቅላቱና ከነጅራቱ ካልቀረበለት ሚጥሚጣውን እንኳ አያስጠጋም። በመስኮቱ በኩል ብቻቸውን የሚቀመጡ የምድር ባቡር ጡረተኛ አሉ፤ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን የተቆረጠ ዓሣ ባቀርብላቸው ሰሃኑን በአንድ ጣት ገፍተው «ፊቱን ያላየሁትን ሰው ቤቴ አላስገባም፤ ፊቱን ያላየሁትን ዓሣ ሆዴ አላስገባም» አሉኝ።

እንግዲህ ዓሣው ሙሉ መሆን አለበት፤ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ሰሃኑን መግጠም አለበት። አክስቴ ሞላላ ሰሃኖች አሏት፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ መስመር ያለው። ጅራቱ ከሰሃኑ ከወጣ ታፍራለች። «እግሩ ከአልጋ የወጣ እንግዳ አስመሰልሽብኝ» ትለኛለች። ወደ ባቱ በሄድኩ ቁጥር ትእዛዟ አንድ ነበር፤ መዳፌን ይዛ ትዘረጋውና «እስከዚህ። ከዚህ የበለጠውን እዚያው ተዪው» ትለኛለች። ትንሹ ዓሣ ቶሎ ይጠበሳል፣ ጥርስ ላይ ኩርሽም ይላል፣ ደንበኛው እስከ አጥንቱ ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ዓሣ። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ድረስ የአክስቴ ዓሣ የታወቀው በዚህ ነው።

ከዚያ ደንቡ መጣ። የዓሣ አዋጁስ ድሮም ነበረ አሉ፤ ግን አዋጅ መሳቢያ ውስጥ ሲተኛ ማንንም አይቀሰቅስም። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ባቱ ስደርስ የሐይቁ ዳር እንደ ሰርግ ቤት ሰው በሰው ሆኖ አገኘሁት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንኳ በዚያ በራሰ በራ አናታቸው ተሰልፈው እንደ ሽማግሌ ይታዘባሉ። ዓይነ ጠባብ መረቦች ተሰብስበው ተከምረዋል፤ አጠገባቸው አንድ ባለሙያ ቆሞ ያስረዳል። ሁልጊዜ ዓሣ የሚሸጡልኝ አጥማጅ ጀልባቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሸንኮራ ያኝካሉ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ በኦሮምኛ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ፈያ፣ ኦቦ። ዓሣዬስ?»

«ዓሣሽ አድገሽ ተመለሺ ተብላለች።»

ደንቡን ነገሩኝ። ዓይኑ ከተወሰነው የጠበበ መረብ ሐይቁ ውስጥ አይገባም። ከተወሰነው ርዝመት ያነሰ ቆሮሶ አይያዝም፣ አይጫንም፣ አይሸጥም። ዓሣ የሚራባበት፣ ሐይቁ ዳር የበቀለው ደንገል ሥር ደግሞ ማንም መረብ አይጥልም። ኦቦ ይህን ሲናገሩ እንደ ተበደለ ሰው አልነበሩም፤ ሸንኮራቸውን እያኘኩ እንደ ወሬ ነው የነገሩኝ። እኔ ነኝ የተናደድኩት።

«ታዲያ መጥፎ ከሆነ እስከ ዛሬ ለምን ትንሽ ትንሹን ትይዙ ነበር?»

«ማን ጠየቀንና! አንቺ አይደለሽም በመጣሽ ቁጥር መዳፍሽን የምትዘረጊልኝ? እኛ መረቡን ያጠበብነው በእጅሽ ልክ ነው።»

መዳፌን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሦስት ትልልቅ ቆሮሶ ገዝቼ ተመለስኩ። ረዳቱ ሳጥኑን አንስቶ ወዲያው አስቀመጠው። «ዛሬ ደግሞ ማንን ገደልሽ?» አለኝ።

አክስቴ ሳጥኑን ከፍታ ዓሦቹን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ሰሃኖቿን አየች። «እነዚህን በምን ላቀርባቸው ነው? በቃሬዛ?»

ደንቡን ነገርኳት። አልሰማችኝም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ደንቡ ከመጥበቁ በፊት የገዛናቸው ትናንሽ ዓሦች ስለነበሩ እነሱን አውጥታ መጥበሷን ቀጠለች። በዚህ መሃል ነው ደንቡን የሚያስከብረው የዓሣ ተቆጣጣሪ የመጣው። ቀጭን፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ወጣት፣ እጁ ላይ መስመር የተሰመረበት ጣውላ ይዟል። አክስቴ ታውቀዋለች፤ ዓርብ ዓርብ እየመጣ ዓሣውን ለብቻው ተደብቆ የሚበላ ልጅ ነው።

«እናቴ፣ ዛሬ ለመብላት አይደለም የመጣሁት» አላት።

«አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም። ዓሣውን ልለካ ነው።»

ማቀዝቀዣው ጓዳ ነው፤ ለዕለቱ የወጣው ዓሣ ሁሉ ግን ደንበኞች ፊት ነበር። ልጁ ግራ ቀኙን አየና ወደ ጋሼ ጠጋ አለ። ጋሼ ሹካቸውን አነሱ። «አንተ ልጅ፣ እጅህን ከሰሃኔ! እኔ በሕይወት እያለሁ ምሳዬን የሚለካ የለም።»

«ይቅርታ ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ አልነካውም።» ጣውላውን ከሰሃኑ ጎን አስጠጋ። ዓሣው መስመሩ ጋ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረዋል።

«ስትጠበስ እኮ ነው ያጠረችው!» አለች አክስቴ። «ዘይት ውስጥ ገብቶ ማን ይረዝማል? አንተስ ብትገባ አትኮማተርም?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ። ሳቁ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ይኼ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁዳዴ ከገባ በኋላ ከኃላፊዬ ጋር እንመጣለን። ያኔ ልኩ ካልሞላ ቤቱ ይታሸጋል። እኔ አይደለሁም፣ ደንቡ ነው» አላት።

«ደንቡ አፍ የለውም። የምትናገረው አንተ ነህ» አለችው።

ሲወጣ ግን ፊቷ ተለወጠ። ሁዳዴ ለአክስቴ እንደ ገበሬ መኸር ነው። በእኛ ቤት ሁዳዴ የለም፤ እናቴ ካገባች በኋላ የወንጌል አማኝ ሆናለች። አክስቴ ግን ጠንካራ ጾመኛ ናት። ከተማው ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ግማሹ በሁዳዴ ዓሣ ይበላል፣ ግማሹ አይበላም፣ ግማሹ እየበላ ይከራከራል። አክስቴ ራሷ ትጠብሳለች እንጂ አትቀምስም። ሥጋ ቤቱ ሁሉ በሚዘጋበት በዚያ ወቅት የሚገባው ገቢ ነው የዓመቱን የቤት ኪራይና የሁለት ልጆቿን ትምህርት የሚሸፍነው። በሁዳዴ ከታሸገባት ቤቱን አከራዩ ለሌላ ይሰጠዋል፤ ይህን ደጋግሞ ነግሯታል።

በማግስቱ ጠዋት «ያጥራል ያልሽውን እንለካው» አልኳት።

«የምን መለካት ነው?»

«ጥሬውን እንለካ፣ እንጥበስ፣ መልሰን እንለካ። ካጠረ ለልጁ እንነግረዋለን። ካላጠረ ዝም ትያለሽ።»

ዝም ማለቱን እንኳ አታደርገውም፤ ግን የመለካቱ ነገር ጣማት። የአንዱን ጥሬ ዓሣ ርዝመት ማማሰያው ላይ በቢላ ምልክት አደረግንና መጥበሻው ላይ ለቀቅነው። ዘይቱ ውስጥ እንደ ገባ ጅራቱን ወደ ላይ ቆልምሞ ተኮራመተ። «አየሽ! አየሽ!» አለች አክስቴ እየዘለለች። አውጥቼ ማማሰያው ላይ አስተኛሁት። የተቆለመመውን ላቃናው ስጫነው አክስቴ «አታቃኚው፣ እሱ እንደዚያ ነው የተፈጠረው!» ብላ በሌላው በኩል ያዘችው። እኔ ስስብ እሷ ስትይዝ ዓሣው ከመሃሉ ለሁለት ተሰበረ። ስብርባሪውን ገጣጥሜ ለካሁት። ከምልክቱ የጎደለው ጥፍር የሚያህል ነው።

«የዘንድሮ ዘይት ነው» አለች አክስቴ። «የድሮው ዘይት ቢሆን ያሳጥረው ነበር።»

ቅዳሜ ከሰዓት ልጁ ብቻውን ተመልሶ መጣ፣ ያለ ጣውላው። ማስጠንቀቂያውን ከሰጠ ወዲህ ሕሊናው የቆረቆረው ይመስለኛል። ጓሮ ውስጥ ገንዳው ዙሪያ ተቀምጠን ከማቀዝቀዣው የቀረውን ዓሣ እያጸዳን ነበር። በመሃሉ ለብቻዋ ተለቅ ያለች አንዲት ዓሣ ነበረች። አክስቴ አፏን በጣቷ ስትከፍት ቢጫ እንቁላል እንደ ተፈጨ በቆሎ እፍኝ ሙሉ ወረደ።

«ይቺ ሌባ!» አለች እየጠረገች። «የሌላዋን ልጆች ስትበላ ነው የተያዘችው። አንዳንዷ እንዲህ ናት፤ አፏን ስከፍተው የሰረቀችው ሁሉ ይወጣል።»

እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይህንኑ ነው። በእኛ ቤት እንዲህ ያለች ዓሣ ስሟ ሌባ ነው። ጓሮ የሚመጡ ጎረቤቶችም ሲያዩ «ዛሬም ሌባ ያዛችሁ?» ነው የሚሉን።

ልጁ ቁጢጥ አለ። «እናቴ፣ ሌባ አይደለችም። የራሷ ናቸው።»

«የራሷ የምን?»

«ልጆቿ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው። ተፈልፍለውም አፏ ውስጥ ነው የሚቆዩት። አደጋ ሲመጣ ትከፍትላቸውና ይገባሉ።»

«ሂድ ወዲያ! አፉ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ማን አለ?»

«እሷ አለች። እነሱ እስኪጠነክሩ ድረስ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። አፏ ሙሉ ነው፤ ብትበላ ልጆቿን ነው የምትውጠው።»

የአክስቴ እጅ ገንዳው ውስጥ ቆመ። «አትበላም?»

«አትበላም።»

«እስኪያድጉ ድረስ?»

«እስኪያድጉ ድረስ።»

አክስቴ እጇን ከውሃው አውጥታ አማተበች። «በስመ አብ! ጾመኛ ናት በለኛ! እኔ ጾመኛዋን ከነልጆቿ ስጠብስ፣ በዚያ ላይ ሌባ እያልኩ ስሳደብ ኖሬአለሁ!»

ልጁ ይህን ዕድል አላባከነም። ይቺ የተያዘችው ደንገሉ ሥር በተጣለ መረብ እንደሚሆን፣ እናቶቹ አፋቸውን ሞልተው የሚደበቁት እዚያ እንደሆነ ነገራት። ትልቋ ዓሣ ቢያንስ አንዴ ልጆቿን ለቅቃ ይሆናል፤ መዳፍ የምታህለዋ ግን ይህን ገና ሳታይ ነው ሰሃን ላይ የምትወጣው። አክስቴ ትናንሾቹን በሙሉ ከገንዳው እየለቀመች ባልዲ ውስጥ ከተተችና ልጁ ፊት አስቀመጠችለት።

«ውሰዳቸው። ዓይኔ አይያቸው።»

«እናቴ፣ እኔ የት ልውሰዳቸው? መቅረባቸው ከቀረ በቂ ነው።»

የመናኸሪያው ድመቶች ያን ዕለት የበሉትን ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም።

ጾመኛዋ ነገሩን አልፈታችልንም ግን። ትልቅ ዓሣ መሸጥ አለብን። ሙሉውን ለአንድ ሰው ካልነው ሰው ኪሱን ዳብሶ ይወጣል። ከቆረጥነው አምባዛ ነው ይሉናል። አክስቴ ሰሃኖቿን ደርድራ እንደ ለቀስተኛ ፊታቸው ተቀመጠች።

«ትሪ ላይ እናድርገው። ለሦስት ለአራት ሰው አንድ» አልኳት።

«ዓሣ በጋራ?»

«ምን አለበት?»

«አጥንቱስ? ሰው የራሱን አጥንት ነው የሚያውቀው። ከማያውቀው ሰው ጋር አፉን ከፍቶ እሾህ እየነቀለ ይበላል እንዴ?»

«ሽሮ በጋራ ይበላል፣ ክትፎ በጋራ ይበላል። ዓሣ ላይ ሲደርስ ባላባት የሚሆነው ለምንድን ነው?»

«አንቺ አፍሽ ነው እንጂ እጅሽ አይሠራም» አለችኝ። ከዚያ ተነስታ ከቁም ሳጥን ላይ ለድግስ የምታወጣቸውን ትሪዎች አወረደች።

የጾሙ መጀመሪያ ዓርብ ዋዜማ ባቱ ሄድኩ። ኦቦ ሲያዩኝ መዳፌን እንድዘረጋ ጠበቁኝ። ሁለት ክንዴን ዘረጋሁላቸው። «እሱንስ አዞ ነው የምሰጥሽ» አሉና ደህና ደህናውን መረጡልኝ፤ ሰፊው መረብ ብዙ ባይዝም የያዘው ግን ዓሣ የሚባል ነበር። ስመለስ ሳጥኑን ከረዳቱ ጋር ለሁለት ነው ከሚኒባሱ ያወረድነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ ቤቱ ሞላ። የመጀመሪያው ትሪ ሲወጣ ጫጫታው ቀጥ አለ። ዓሣው ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ዳጣና ሎሚ ተደርጎለት፣ ጭንቅላቱ በአንድ በኩል ጅራቱ በሌላ በኩል ትሪውን ሞልቶታል። ፊቱ በደንብ ይታያል፤ አምባዛ ነው የሚለኝ ካለ ጢሙን ያሳየኝ። አንዲት ሴትዮ «የእኛ ትንሽዬዋስ?» ብላ ጮኸች። አክስቴ ከጓዳ ብቅ አለችና ስለ ጾመኛዋ እናት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከችላት። ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሰማቻት። ያን ቀን ትረካውን የሰማው ሰው ዓሣውን ከበላው ይበልጣል።

ከባድ የነበሩት ጋሼ ናቸው። «እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር ዓሣ አልበላም» ብለው መስኮታቸው ሥር ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እዚያው አጠገብ ሦስት የባጃጅ ሾፌሮች ትሪያቸውን ከብበው መጉረስ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ይጠጉ እንጂ፤ ይቀዘቅዛል» አለ አንዱ።

«ይቀዝቅዛ።»

«ጭንቅላቱን ለእርስዎ ትተንልዎታል።»

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጥቂት ቆይተው ወደ ትሪው ዞሩ። «ጉንጩንም?»

«ጉንጩንም።»

ወንበራቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ትንሽ ቆይቼ ሳልፍ እሳቸው ወጣቶቹን በምሥራቅ ባቡር መስመር ላይ ስለነበሩ ፌርማታዎች ያስተምራሉ፤ አንዱ ሾፌር ደግሞ እሾህ እየለቀመ ያጎርሳቸዋል።

ልጁና ኃላፊው የመጡት በዚህ መሃል ነው። አክስቴ መሐረቧን አጠበቀች። ኃላፊው ወፍራም፣ የማይስቅ ሰው ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ከኋላው ተከተልኩ። ገንዳው ውስጥ ያልተጠበሱት ዓሦች ተጋድመዋል። ልጁ ጣውላውን አስጠጋ። አንደኛዋ ከመስመሩ አለፈች። ሁለተኛዋ አለፈች። ኃላፊው ከሥር ያለችውን ራሱ መዝዞ አወጣ፤ እሷም አለፈች። ማቀዝቀዣውን ከፈተ፤ በረዶና ሎሚ ብቻ ነው ያለው።

«ጥሩ ነው» አለ ኃላፊው። «እንዲህ ይቀጥሉ።» እጁን ታጥቦ ወጣ፤ ሌላ ቤት ይጠብቀዋል።

አክስቴ ገንዳው ጫፍ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያው ተነሳች፤ የሦስት ጠረጴዛ ትእዛዝ ነበረባት።

ልጁ አልሄደም። በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ወደ መጥበሻው አድርጎ ይተነፍሳል። «እናቴ፣ አሁን ሥራዬን ጨርሻለሁ። ለእኔ አንዲት እዚያ ጥግ ላይ፣ ለብቻዬ...»

አክስቴ ከመጥበሻው ሳትዞር «ለብቻ የሚበላውን ዓሣ ያስቀረኸው አንተው ነህ» አለችው። «ሂድ፣ እዚያ ጋሼ ጋ ጠጋ በል። ጉንጩን ግን እንዳትነካ።»

ልጁ ሄደ። ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩትና በመጀመሪያ ጣውላውን ከጠረጴዛው ላይ አስነሱት፤ ቀጥለው ቦታ ለቀቁለት።